መስታወቱ ይመለስ

መርማሪዋ ከቤቱ ደጃፍ ስትደርስ ነገሩ ሁሉ ያለቀ የደቀቀ መስሎ ጠበቃት። ጡረታ የወጡት መምህርት ወጥ ቤታቸው ወለል ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። አጠገባቸው ተቀምጦ እጃቸውን እንደያዘ የተገኘው ልጅ ካቴና ገብቶለት ግቢው ውስጥ ቆሟል። የወጥ ቤቱ መስኮት መስታወት ከቦታው ወጥቷል፤ ልጁ ደግሞ በሰፈሩ የሚታወቀው የሰው መስኮት መስታወት እያወጣ በመግባት ነው። ሳጅኑ መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ፣ የቀኑን ሥራ በጊዜ እንደጨረሰ ሰው ፊቱ ፈክቶ ነበር።

«እትዬ፣ ብዙም አያደክምዎት» አላት። «ይህ በመስኮት እየገባ ‹ድመቱ› የሚል ስም የወጣለት ልጅ ነው። ዛሬ ጠዋት ከማረሚያ ወጣ፣ ቀኑ ሳይጋመስ ሰው ገደለ። እጅ ከፍንጅ ነው የያዝነው።»

«ቀስ እንበል» አለች መርማሪዋ።

ሳጅኑ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቀለ። እነዚህን ሁለት ቃላት በሃያ ሰባት የሥራ ዓመቷ ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለቻቸው ቆጥሮ የሚያውቅ የለም። ጣቢያው ውስጥ ከኋላዋ የሚጠሯት «እትዬ ቀስ» እያሉ ነው። እሷም ታውቃለች፤ ቅር አይላትም። ለሰው ስም ማውጣት ሰው ከመመርመር ይቀላል፣ ቢያንስ አንዱን ይቻሉት ትላለች።

«ልጁ ምን አለ?»

«ምንም። ድርቅ ብሏል። አንዲት ነገር ብቻ ይደጋግማል፤ እሷም የጤነኛ ንግግር አትመስልም። ‹መስታወቱ ይመለስ› ይላል። ሰው ሞቶ እሱ ስለ መስታወት ይለምናል።»

ዞራ ልጁን አየችው። ከሲታ ነው፤ ከማረሚያ ሲወጣ የተሰጠው ሸሚዝ ትከሻው ላይ ተንጠለጠለ እንጂ ለበሰው አይባልም። የሚያየው ሳጅኑንም ካቴናውንም አልነበረም። ከንፈሩን ነክሶ ክፍቱን መስኮት ያያል።

ሳጅኑ የቀረውን ነገራት። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላው አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፤ ስለዚህ ወደ ልጆች ማረሚያ አይመለስም። ዐቃቤ ሕጉ በስልክ ተስማምቷል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ ትልቁ ወህኒ ይወስደዋል። መርማሪዋ ያንን ወህኒ አሳምራ ታውቀዋለች። እንደዚህ ያለ ቀጭን አንገት ይዞ በዚያ በር የገባ ልጅ፣ በማግስቱ ስህተት ነበር ተብሎ ቢለቀቅ እንኳ የገባው ልጅ ሆኖ አይወጣም። ሰዓቷን አየች። ስድስት ከሩብ ነበር።

ወጥ ቤቱ ጠባብና ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎ በላዩ ነጭ ሸሚዝ ተዘርግቷል፤ አንዱ እጅጌ ተተኩሷል፣ ሌላው እንደተጨማደደ ቀርቷል። ካውያው ከመምህርቷ ራስ አጠገብ ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ደም አለ። የተመቱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ፊታቸውን ለረጅም ጊዜ አየች፤ ከዚያ ሸሚዙን በሁለት ጣት አንስታ ትከሻውን ለካች። የትልቅ ሰው ሸሚዝ አይደለም። ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ትንሽ ክፍል አልጋ ተነጥፏል፤ አንሶላው አዲስ ስለሆነ የእሽጉ እጥፋት ገና አልለቀቀውም። ራስጌው ላይ አንድ ደብተርና ሁለት የተቀረጹ እርሳሶች ተቀምጠዋል።

ሳሎን ውስጥ የቁም ሳጥኑ መሳቢያ ተጎትቶ ወረቀቶቹ ወለሉ ላይ ተበታትነዋል። ሬዲዮው ከቦታው አልተነካም። የመምህርቷ የወርቅ ሰዓትም ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

«ይኼ ሌባ ወርቅ አይወድም?» አለች።

«ደንግጦ ይሆናላ» አለ ሳጅኑ።

በጓሮ በኩል ዞረው መስኮቱን አዩ። ክፈፉ በቅርብ ጊዜ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። የወጣው መስታወት አንድ ጭረት ሳይነካው፣ የታጠፈ ጆንያ ላይ በጠርዙ ቆሞ ግድግዳው ተደግፏል። መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ መስታወቱ የነበረበትን ቦይ በጣቷ ዳበሰችው፤ ከዚያ ተንበርክካ ሲሚንቶውን ወለል አንድ በአንድ አየች። ሳጅኑ የጠፋባት ነገር ያለ መስሎት እሱም ጎንበስ አለ።

«ስቱኮው የታል?» አለችው።

«የቱ ስቱኮ?»

«መስታወት በጸሎት አይቆምም። ከክፈፉ ጋር አጣብቆ የያዘው ስቱኮ ነበር። ሰውዬው መስታወቱን ለማውጣት ያንን በቢላ እየቆረጠ ማንሳት ነበረበት። ፍርፋሪው እዚህ መውደቅ ነበረበት። የታል?»

«ነፋስ ወስዶት ይሆናል።»

«ነፋሱ ጠራጊ ነው ማለት ነው።» ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። «የልጁ ኪስ ውስጥ ምን ተገኘ?»

የመፈቻ ወረቀት፣ ማበጠሪያና አንድ ቁልፍ ተገኝቷል። ቁልፉ የዚሁ ቤት የፊት በር ቁልፍ ነው። ሳጅኑ ለዚህም መልስ ነበረው፤ ልጁ በመስኮት ገብቶ፣ ገድሎ፣ ሲወጣ ለመቆለፍ ቁልፉን ከሟቿ ወሰደ። ታዲያ ለምን ሳይወጣ እጃቸውን ይዞ ቁጭ አለ ብላ ስትጠይቀው ግን ሳጅኑ መዝገቡን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ።

ሬሳውን ያገኘው የመምህርቷ የእህት ልጅ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው የጭነት መኪና ሾፌር። ዓይኑ አብጦ፣ የግቢው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አክስቱን ሊጠይቅ ሲመጣ የፊት በሩ ገርበብ ብሎ፣ ልጁ ውስጥ ተቀምጦ አገኘው። ወላጅም ልጅም የሌላቸው አክስቱ ቤቱን ለእሱ እንደሚያወርሱት አልደበቀም። አክስቱ ዋስ ሆነውት፣ ልጁ ከማረሚያ ሲወጣ ከእሳቸው ጋር እንዲኖር መወሰናቸውን እንደተቃወመም ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ስንቴ ነገርኳት። ‹አክስቴ፣ የሰው ቤት ሰብሮ የገባን ልጅ እንዴት ታስገቢያለሽ› አልኳት። ‹አልሰበረም እኮ› ትለኛለች። ሁልጊዜ መልሷ ይኼው ነው።»

«እውነት አልሰበረም?»

ሾፌሩ ሳይወድ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። ከሁለት ዓመት በፊት ከአክስቱ ጋር ከገበያ ሲመለሱ ልጁን ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶት አገኙት። ዳቦ በልቶ፣ የበላበትን ሳህን አጥቦ፣ ጫማውን በር ሥር አስተካክሎ አስቀምጦ ነበር። አንድም ነገር አልወሰደም። ሾፌሩ ግን ያኔ አላዘነለትም፤ ደህና አድርጎ ደበደበው።

«ፖሊሶቹ በየት እንደገባ ግራ ገባቸው» አለ። «በሩ ተቆልፏል፣ መስኮቱ ሁሉ ደህና ነው። በኋላ ራሱ ሲያሳየን ነው ያመንነው። መስታወቱን አውጥቶ፣ ገብቶ፣ ከውስጥ ሆኖ መልሶ ገጥሞታል። ስቱኮውን ሳይቀር በመዳፉ አሙቆ መልሶታል።»

መርማሪዋ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞር ብላ አየች። ከዚያ መስኮቱን በቅርቡ የነካው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ፤ የነካው እሱ ነው። አሮጌው መስታወት ተሰንጥቆ ስለነበር ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ልጁ ከመምጣቱ በፊት ቤቱ እንዲያምር ብለው አክስቱ አዘዙት፤ እያጉረመረመም ቢሆን ታዘዘ። አዲስ መስታወት ገጠመ፣ ክፈፉንም ቀባ።

«ባለሙያ አይደለሁም። ስቱኮውን በኋላ እንደገና መቀባት ሰለቸኝና የተረፈኝን ቀለም እዚያው ጨምሬ አቦካሁት። አረንጓዴ ሊጥ ሆነ። አክስቴ እንዲህ ያለ ነገር አይታ እንደማታውቅ ነግራኝ ስትስቅብኝ ዋለች።» የተረፈው ስቱኮ በጣሳ ዕቃ ቤት ውስጥ እንዳለ ተናገረ። መርማሪዋ ጣሳውን አስመጥታ ከፈተችው፤ እላዩም ውስጡም ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ነበር።

የማረሚያው ተቆጣጣሪ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ መጣ፤ ጫማው ተወልውሏል፣ ኮቱ ተቦርሿል። ልጁ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከበር እንዳመለጠው እየማለ ተናገረ። መርማሪዋ ሳታቋርጠው አዳመጠችውና፣ ደንቡ የተፈታ ልጅ ወዴት እንደሚደርስ ይላል ብላ ጠየቀችው።

«ተቆጣጣሪው ራሱ ይዞት ሄዶ፣ ዋስ የሆነው ሰው ቤት ድረስ አድርሶ፣ አስፈርሞ ያስረክባል» አለ፤ እያለም ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

«እርስዎ ዛሬ ወዴት ሄደው ነበር?»

«ልጁ እኮ አምልጦ...»

«የሚያስረው የሌለው ልጅ ከምን ያመልጣል? መፈቻ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነው። የሸሸ ሰው ፊርማና ማኅተም ተሰጥቶት አይሸሽም።»

ተቆጣጣሪው ወንበር ፈለገ። የራሱ ልጅ ትምህርት ቤት ወላጆችን ለሦስት ሰዓት ጠርቶ ነበር፤ ሁለት ቦታ መሆን አልቻለም። ልጁን ብቻውን ሰደደው፤ ማታ መምህርቷን አስፈርማለሁ ብሎ አሰበ። ሲሞቱ ጊዜ እንጀራው ታየውና ዋሸ። ቁልፉንስ አያውቀውም ወይ ብላ ስትጠይቀው አንገቱን አቀረቀረ።

«ባለፈው የጥየቃ ቀን ፊቴ ነው የሰጡት። ‹ይህ የቤትህ ቁልፍ ነው› አሉት።»

«ይህን እያወቁ ልጁ ካቴና ሲገባለት ዝም አሉ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ተቆጣጣሪው ግን በጥፊ ከተመታ ሰው ይልቅ ክው አለ። እሱ ራሱ ልጅ ያለው ሰው መሆኑ ነው ያናደዳት።

ከዚያ በኋላ የጠየቀችውን ሁሉ እንደ ውሃ አወረደላት። የልጁ እናት ስትሞት ልጁ የቀረው እንጀራ አባቱ ጋር ነው፤ እንጀራ አባቱም መስታወት ቆርጦ የሚገጥም ባለሙያ ነው። ለቅጣት ብሎ ልጁን ውጭ ይቆልፍበታል፤ ሲለው ለግማሽ ቀን፣ ሲለው ለሁለት ቀን። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሞላው የባለሙያውን እጅ አይቶ በተማረው መንገድ፣ በወጥ ቤት ቢላ የገዛ ቤቱን መስታወት አውጥቶ መግባት ጀመረ። መስታወቱ ከቦታው ጠፍቶ ከተገኘ ዱላ አለ። ስለዚህ ገና ጫማውን ሳያወልቅ መጀመሪያ መስታወቱን ይመልሳል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው እንጀራ አባቱ ድንገት መጥቶ፣ መስታወቱ ወጥቶ ግድግዳ እንደተደገፈ ያዘው። ያን ቀን ክንዱን ሰብሮ አባረረው። ከዚያ ወዲያ ልጁ የሰው ቤት ይገባ ጀመር።

«ይህን ማን ማን ያውቃል?» አለች መርማሪዋ።

«ችሎቱ በዝግ ነበር፤ የልጅ ጉዳይ አይደል። ዳኛው፣ እኔ፣ መምህርቷ፣ የእህታቸው ልጅና ያን ጊዜ የያዙት ፖሊሶች ብቻ ነበርን።»

«እንጀራ አባቱስ?»

«ሦስት ጊዜ መጥሪያ ተላከለት። አንድም ቀን አልመጣም።»

ልጁን ያነጋገረችው በግቢው ጥግ፣ ባዶ ሳጥን ላይ አጠገቡ ተቀምጣ ነው። ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ተኩል የት ነበርክ አለችው። አንድ ሰዓት በእግሩ እንደሄደ ነገራት። አልወተወተችውም። ቆይቶ ራሱ ቀጠለ።

«ማዶ ጥጉ ላይ ቆሜ ነበር። ቁልፉን ይዤ።»

«ይህን ሁሉ ሰዓት? ለምን አልገባህም?»

«በር በቁልፍ ከፍቼ ገብቼ አላውቅም» አለ። «ቢቆጡኝስ ብዬ። ቢለውጡስ ሐሳባቸውን ብዬ።»

ከጥጉ ጓሮው አይታይም፤ ስለዚህ ማንንም አላየም። በመጨረሻ ቆርጦ ሲከፍት ወድቀው አገኛቸው። እጃቸው ገና ሙቀት የነበረው መስሎት ይዞ ቁጭ አለ። መሳቢያው ውስጥ ምን ይቀመጥ እንደነበር ስትጠይቀው ያውቅ ነበር፤ የእናቱ ቤት ካርታ ነው። እናቱ ከመሞቷ በፊት ለጎረቤት አደራ ሰጥታው ኖሮ፣ መምህርቷ ፈልገው አግኝተውታል። «ዓርብ ልጁን እቀበለዋለሁ፤ ሰኞ ካርታውን ይዘን ቤቱን ልንጠይቅ አብረን እንመጣለን» ብለው ለእንጀራ አባቱ እንደጻፉለትም ነግረውት ነበር።

መርማሪዋ ወለሉ ላይ የተበታተኑትን ወረቀቶች ከሳጅኑ ጋር አንድ በአንድ አነሳች። የመምህርቷ የደመወዝና የጡረታ ደብዳቤዎች፣ የተማሪዎች ፎቶዎች፣ አሮጌ ፖስታ ካርዶች ሁሉ አሉ። ካርታ ግን የለም።

የእንጀራ አባቱ ሱቅ የልጁ እናት ቤት የፊት ክፍል ነው። ሰውዬው ሲያዩት ጨዋ፣ ፊቱ የማይከፋ፣ እጁ የሠለጠነ ነው። የደንበኛ ክፈፍ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ አሮጌ መስታወት ያወጣ ነበር። ወሬውን ሰምቷል፤ እንዴት እንዳዘነ ሊነግራት ቃል አጠረው።

«እኔ ምን ላድርገው? ምክር የማይሰማ ልጅ ነው። ቤቴ ሲገባ የነበረውም መስታወቴን አውጥቶ ነው። አሳደግኩት፤ ምን ቀረኝ?»

እያወራም እጁ ሥራውን አላቆመም። ቢላው ስቱኮውን እየሸረከተ ያነሳል፤ አውራ ጣቱ የተነሳውን ይሰበስባል፤ መዳፉ ያድበለብለዋል፤ ድቡልቡሉ ወደ ሽርጡ ኪስ ይገባል። ዓይኑ አንድ ጊዜም እጁን አላየም። መርማሪዋ ግን ያየችው እጁን ብቻ ነው። ስቱኮ አይጣልም እንዴ ብላ እንደዋዛ ጠየቀችው።

«የጣለው ሰው ባለሙያ አይደለም» አለ ሳቅ ብሎ። «ትንሽ ዘይት ከነካው እንደገና ይሠራል። ከልጅነቴ የለመደብኝ ነው፤ ሙያውን ያስተማረኝ ጌታዬ ያገኘሁትን እንዳልጥል አስለምዶኛል።»

ጠዋቱን ብቻውን ሱቁ ውስጥ እንደነበረ ነገራት። የመምህርቷ ደብዳቤ ግን አልደረሰኝም አለ። መርማሪዋ አመስግና ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለች። የሟቿ ቤት መስኮት ክፍት ሆኖ ማደሩ ቤተሰቡን ከብዷቸዋል፤ ዕቃውን ይዞ መጥቶ ቢገጥምላቸው ምን ይመስለዋል አለችው። ሰውዬው ሳያመነታ ቦርሳውን አነሳ። ለሟቿ ይህን ያህል ባደርግላቸው ምን አለበት አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ወጥ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነስቷል፤ ነጩ ሸሚዝ ግን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ሾፌሩ ግድግዳውን ተደግፏል። ተቆጣጣሪው በሩ አጠገብ ቆብ በእጁ ይዞ ቆሟል። ልጁ ከነካቴናው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ እንጀራ አባቱ ሲገባ አይቶ ትከሻውን ሰበሰበ። ሳጅኑ ሰዓቱን እያየ ነው።

እንጀራ አባቱ ቦርሳውን ከፈተ። ቢላውን አወጣ፤ በዘይት የራሰ ጨርቅ ፈታ። ጨርቁ ውስጥ ነጭ የስቱኮ ጓል፣ ከጎኑም ሌላ ድቡልቡል ነበር። መርማሪዋ ዓይኗን አንድ ጊዜ አሳረፈችበትና ክንዱን በቀስታ ያዘችው።

«ይቆዩ፤ ከመግጠምዎ በፊት እንዴት እንደወጣ እናውራ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው በዚህ መስኮት ገባ። የፈለገው ወርቅ አይደለም፤ የወሰደው የቤት ካርታ ብቻ ነው። መምህርቷ ሸሚዙን መተኮስ ጀምረው፣ ለአፍታ ወደ ልጁ ክፍል ገብተው ነበር። ሲመለሱ አዩት፤ በካውያው መታቸው፤ ካርታውን ፈልጎ ወጣ። መስታወቱን በውጭ ግድግዳ አስደግፎ የተወው ‹መስታወት የሚያወጣው ልጅ ነው› እንድንል ነው። እኛም አልን።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጁ ግን ቁልፍ ነበረው። መምህርቷ ሲሰጡት ተቆጣጣሪው አይተዋል። ቁልፍ ያለው ሰው ለምን በመስኮት ይገባል? ይህ አንድ። ሁለተኛው ልጁ ራሱ ከጠዋት ጀምሮ የሚነግረን ነገር ነው፤ የሰማው ግን የለም። ‹መስታወቱ ይመለስ› ይላል። ይህ ልጅ በሰው መስኮት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መስታወቱን መመለስ ነው። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ያልመለሰበት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ክንዱ ተሰበረ። ወጥቶ የተተወ መስታወት ሲያይ አሁንም ዱላ የሚመጣ ይመስለዋል።»

ልጁ ቀና አለ።

«ሾፌሩ ይህን ያውቃል፤ ተቆጣጣሪውም ያውቃሉ፤ ችሎት ላይ ሰምተውታል። ከሁለቱ አንዳቸው ልጁን ለማስወንጀል ቢፈልጉ ኖሮ መስታወቱን መልሰው ይገጥሙት ነበር። አውጥቶ የተወው ግማሹን ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ልጁን አንድ ቀን፣ መስታወቱ ወጥቶ ግድግዳ እንደተደገፈ ያየው ሰው።»

ወደ እንጀራ አባቱ ዞረች። «ልጁ አራት ዓመት ሙሉ እርስዎ ቤት በመስኮት ሲገባ ኖሯል። የያዙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላውን ጊዜ ሁሉ አሳምሮ ስለሚመልሰው አላወቁበትም። ዳኛው ሦስት ጊዜ አስጠሩዎት። አንድ ቀን ብቻ መጥተው ከኋላ ወንበር ቢቀመጡ ኖሮ ይህን ይሰሙ ነበር፤ ዛሬም እኔን ያታልሉኝ ነበር።»

«ይኼ ወሬ ነው» አለ ሰውዬው። ድምፁ አልተናወጠም። «እኔ ይህን ቤት አላውቀውም።»

«ስቱኮዎ ያውቀዋል።»

ከጨርቁ ላይ ሁለተኛውን ድቡልቡል አነሳች። አረንጓዴ ነበር። ሰውዬው አየውና ትከሻውን ነቀነቀ፤ ከክፈፍ የተነሳ አሮጌ ስቱኮ ሁሉ ቀለም ይኖረዋል፣ ይህን ልጅ እንኳ ያውቀዋል አለ።

«ልክ ነው፤ እላዩ ላይ ይኖረዋል። የተቀባው እላዩ ነዋ።» የራሱን ቢላ አንስታ ድቡልቡሉን ለሁለት ከፈለችው። ውስጡም እስከ መሐሉ አረንጓዴ ነበር። ከዕቃ ቤት የመጣውን ጣሳ አጠገቡ አስቀመጠች፤ ሁለቱ አንድ ነበሩ። «ቀለም ከስቱኮ ጋር የሚያቦካ ባለሙያ አይተው ያውቃሉ?»

ሰውዬው ቢላውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም።

«የለም። ያቦካው ሾፌር ነው፤ ሁለቴ መቀባት ሰልችቶት። እርስዎ ደግሞ ያገኙትን እንዳይጥሉ ተምረዋል። ሲቆርጡ አድበለበሉት፤ ሲያድበለብሉ ኪስዎ ከተቱት። ያን ጊዜ ሐሳብዎ ካርታው ላይ ነበር፤ እጅዎ ግን የለመደውን ሠራ። ሾፌሩ ወይም ተቆጣጣሪው ቢሆኑ ፍርፋሪው እዚያው መሬት ላይ ይቀር ነበር። መስታወቱንም በጆንያ ላይ በጠርዙ ባላቆሙት ነበር።»

ሳጅኑ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ሳይታዘዝ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። እንጀራ አባቱ የተከፈለውን ስቱኮ ያያል። አውራ ጣቱ፣ ምንም ሳይይዝ፣ ሌላውን ጣቱን ያሻል። ሲናገር ለማንም አልነበረም።

«ቤት አይኖሩም ብዬ ነበር። ‹ዓርብ ልጁን እቀበለዋለሁ› ብለው ነው የጻፉልኝ። ማረሚያው በር ላይ ሄደው የሚጠብቁት መስሎኝ ነበር።»

«ዋስ ቤቱ ሆኖ ነው የሚጠብቀው» አለች መርማሪዋ። «ልጅ ተቀብለው ቢያውቁ ደንቡን ያውቁት ነበር።»

ካርታው ከሱቁ፣ ከመስታወት መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተገኘ። ሳጅኑ ለዐቃቤ ሕጉ ስልክ ደውሎ ሲመለስ ድምፁ ለሰልሶ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጣው መኪና እንጀራ አባቱን ይዞ ሄደ። ካቴናውን ከልጁ እጅ የፈታው ሳጅኑ ራሱ ነው፤ ይቅርታ የሚል ነገር አጉረመረመ፣ ሁለተኛ ግን አልደገመውም።

ልጁ ነጻ መሆኑ የገባው አይመስልም። ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። መስታወቱን በሁለት መዳፉ አንስቶ መጣና ሾፌሩን አየው። ሾፌሩ ጣሳውን አንስቶ ሰጠው። የተረፈው ለአራቱም ጠርዝ በቃ። ልጁ ዙሪያውን በአውራ ጣቱ እያስተካከለ ሲጨርስ ሾፌሩ ከውጭ ደግፎለት ቆሞ ነበር።

መርማሪዋ ከመውጣቷ በፊት ቁልፉን ከሳጅኑ ተቀብላ ለልጁ ዘረጋችለት። አልተቀበለም። አሁን ቤቱ የሾፌሩ እንደሆነ እሱም ያውቃል። ሾፌሩ ቁልፉን ከእጇ ወሰደና የልጁን መዳፍ ከፍቶ አስቀመጠበት።

«አክስቴ አልጋህን አንጥፋልሃለች» አለው። ከዚያ ፊቱን አዞረና፣ ካውያው ለማስረጃ ተወስዶ ስለነበር፣ ሌላ ካውያ ሊፈልግ ጎረቤት ሄደ፤ አክስቱ ለልጁ ሲተኩሱት የነበረው ሸሚዝ አንደኛው እጅጌ ገና አልተተኮሰም ነበር።